የተገለበጠው እርምጃ

ዶክተሯ በሆስፒታሉ የእርምጃ መመርመሪያ ክፍል ወለል ላይ፣ ራሷን ተመትታ ሞታ ተገኘች። ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» የሚል ስም ያወጡለት መርማሪ ሲደርስ፣ ፖሊሶቹ የበሩን ዘበኛ በካቴና አስረው ጠበቁት። መርማሪው እንቅልፍ በዓይኑ ካልዞረ ሰንብቷል፤ «እሰይ፣ ተገላገልኩ» ብሎ ቢመለስ በወደደ።

«ኮምፒውተሩ ነው የያዘው» አለ የሟቿ ታናሽ ወንድም፣ የክፍሉ የኮምፒውተር ባለሙያ። በኮሪደሩ ካሜራ፣ ፊቱን በዝናብ ልብስ የሸፈነ ሰው እያነከሰ ሲወጣ ይታያል። «ዘበኛው እዚህ ሲታከም ቀርጸነው ነበር። ሁለቱን አስተያየኋቸው፤ አረማመዱ ቁርጥ እሱ ነው።»

«ኧረ በፈጠረዎት!» አለ ዘበኛው። «እሳቸውን ልገድል? በእግሬ ያቆሙኝ እኮ እሳቸው ናቸው! እኔ ከታሰርኩ ልጆቼ ማን አላቸው?»

መርማሪው በረጅሙ ተነፈሰና በሩ አጠገብ ወደቆመችው የክፍሉ ነርስ ዞረ። «እስቲ ቀስ በይና አስረጂኝ፤ በሽተኛውን እንዴት ነው የምትቀርጹት?»

«ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ራሱን እያየ ይራመዳል። እንደ መስታወት እንዲሆንለት ምስሉን እንገለብጠዋለን። የሚቀመጠውም እንደተገለበጠ ነው።»

መርማሪው የኮሪደሩን ቪዲዮ ደግሞ አየና ሁሉንም ሰበሰበ።

«ካቴናውን ፍቱለት። እስቲ ወዲያ ወዲህ በል፣ ወንድሜ።»

ዘበኛው ተራመደ። የሚያነክሰው በግራው ነው።

«የኮሪደሩ ካሜራ አይገለብጥም» አለ መርማሪው ድምፁ ዝሎ። «እዚያ የምናየው ሰው ግን በቀኙ ያነክሳል። በተቀመጠው ቅጂም ዘበኛው በቀኙ ያነክሳል፤ ስለተገለበጠ። ሁለቱ የገጠሙት ለዚህ ነው። ገዳዩ ማነከስ የተማረው ከሰውየው ሳይሆን ከቅጂው ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረ። «ቅጂውን የምታዩት አንተና ነርሷ ብቻ ናችሁ። እሷ እጁን ይዛ ስታለማምደው ነው የከረመችው፤ እግሩ አይጠፋትም። አንተ ግን ቅጂው መገልበጡን ዘነጋኸው፤ በር ሲከፍትልህ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለህ አላየኸውም።»

ወንድምየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «አረማመድ የሚያስተያየውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ፣ የተሸለመችበት እሷ። ስሜን አስገቢልኝ ብላት ሳቀችብኝ። እህቴ እኮ ናት! ምን ነካኝ?» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መርማሪው አዘነለት፤ ማዘኑም ደከመው።

«እኔስ ልሂድ?» አለ ዘበኛው።

«ሂድ፣ ልጆችህ ጋ።»

ወደ በሩ ሲራመድ ሁሉም፣ መርማሪውም ሳይቀር፣ እግሩን በዓይናቸው ይከተሉ ነበር። ዘበኛው ቆመና ዞረ።

«እባካችሁ» አለ፣ «ፊቴን እዩት።»