ሀይቁ ዳር ያጎረስኩት

ይሄን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ... እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጨለማ ውስጥ እህል አልቀምስም።

ኡመር እባላለሁ፣ የአፍንጮ በር ልጅ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ከታናሽ እህቴ ከረይሀና እና ከዶሮ ማነቂያው ጓደኛዬ ከካሊድ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ሄድን። ቀኑን ሙሉ በእግር ተጉዘን፣ ተራራው አናት ላይ ካለች ትንሽ ሀይቅ ዳር ልናድር።

ስንወጣ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ።

"እንደወሰድካት መልሳት።"

መንገድ የመሩን ሽማግሌ ሀይቁ ጋ አድርሰውን ሊመለሱ ሲሉ፣ "ስትበሉ መብራት አብሩ" አሉን።

"ጅቡ አብሮን እንዳይበላ ነው አባባ?" አለ ካሊድ። የፒያሳ ልጅ ተራራ ላይም አፉ አያርፍም።

ሽማግሌው አልሳቁም።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆነ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የስልካችን ባትሪ እንዳያልቅ ብለን መብራቱን አጠፋንና የቋንጣ ፍርፍሩን ሳህን ከበብን። ካሊድ በቀኜ፣ ረይሀና በግራዬ።

እኛ ቤት ጉርሻ ግዴታ ነው። የጎረሰ ደግሞ መልሶ ያጎርሳል፤ እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችን። እህቴ መንገዱ አድክሟት ስለነበር አሳዘነችኝ። ጠቅለል አድርጌ ወደ ግራ ዘረጋሁ።

አፍ ተቀበለኝ።

ከንፈሩ በረዶ ነበር... እርጥብ። ጣቶቼን ቶሎ አልለቀቀም።

"ረይሀና... በረደሽ እንዴ?"

"ኡመር!" አለችኝ... ከኋላዬ፣ ከድንኳኑ ውስጥ። "ጃኬቴን የት ነው የከተትከው?"

ስልኬን አበራሁ። በግራዬ ማንም የለም።

ሣሩ ግን የሆነ ነገር እንደተሳበበት ተኝቷል... እስከ ሀይቁ ድረስ።

"ምን ሆንክ?" አለ ካሊድ በሹክሹክታ።

"ዝም በል... ድንኳን ግባ።"

የእህቴን እጅ እንደያዝኩ ነጋ። ገና ጎህ ሲቀድ ቁልቁል ወረድን።

በማግስቱ አፍንጮ በር ስንደርስ መሽቶ ነበር። እናቴ ረይሀናን አገላብጣ ስማ "አልሐምዱሊላህ" አለች። እንደወሰድኳት መልሻታለሁ። እፎይ አልኩ።

ራት ቀርቦ ገና እጃችንን ስንሰድ መብራት ሄደ።

"ሻማ ላምጣ" ብላ ረይሀና ወደ ጓዳ ገባች።

የእናቴን እጅ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

"ምነው ልጄ፣ መብራት መጥፋት ብርቅ ሆነብህ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ከጓዳው የረይሀና ድምፅ መጣ። አፏ ሙሉ ነው።

"ኡመር... ምንድነው ያጎረስከኝ? በጣም ይቀዘቅዛል..."

እኔ ግን ከእናቴ አጠገብ አልተነሳሁም ነበር።

ሻማውን ይዛ ብቅ አለች። ታኝካለች። በአገጯ ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል።

አላየችንም። ከሳህናችን ጠቅልላ አነሳች... ዞረች... እናታችን እንዳስተማረችን እጇን ወደ ጨለማው ጓዳ ዘረጋች።

እጇ ባዶውን ተመለሰ።