አጎቴ ገልብጦ የገጠመው ካርቡሬተር

እንድታምኑኝ አልለምንም። ለማውራትም ድፍረቱ ስለሌለኝ ነው የምጽፈው። ግን ሆኗል... ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ግቢያችን።

የአባቴ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሸራ ለብሳ ከቆመች ሁለት ዓመቷ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የጠገናት አጎቴ ነው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። በማግስቱ አባቴ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከግንብ ጋር ተላተመ።

«ፍጥነቱ ነው የገደለው» አለ አጎቴ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

እናቴ አመነችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተ ባሏን ስትወቅስ ኖረች።

አጎቴ ሞተር የማስተካክለው በጆሮዬ ነው ይላል። ያ ጆሮ ከራሱ ድምፅ ሌላ የሰማው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ያን ቀን ሞተሯን ሊወስድ መጣ። እኔ ጠዋት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩን ፈትቼ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼው ነበር።

ውስጡ አንዲት የናስ በርሜል አለች፣ አውራ ጣት የምታክል። ጋዝ ሲሰጥ ትወጣለች፣ ሲለቀቅ ትወርዳለች። አንድ ጎኗ ተቆርጧል። ቁርጡ ወደ አየር ማጣሪያው መዞር አለበት።

አጎቴ የገጠማት ግን ቁርጧ ወደ ሞተሩ ዞሯል። በግድ ተጠቅጥቃ ጎኗ ተፋፍቋል። አንዴ ከወጣች... አትመለስም፤ ጋዙ እንደተከፈተ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ገልብጠው ነው የገጠሟት» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«አይ የወረቀት መካኒክ! ዲግሪሽን ግድግዳ ላይ ስቀዪና ውሃ አምጪልኝ።»

«ለእማዬ ይንገሯት።»

«ምኑን?»

«ጋዙ አባዬን አልዘጋም ብሎት እንደነበር።»

ሳቀ። ያንን ወፍራም ሳቁን። እያሾፈ ሞተሯ ላይ ወጣና ማስነሻውን ረገጠ።

ቤንዚን ሸተተኝ...

ታንኩ ደረቅ ነበር።

ደግሞ ረገጠ።

ተነሳች።

ካርቡሬተር የሌላት ሞተር፣ ቀዳዳዋ ባዶ እንደሆነ፣ ዱብ... ዱብ... ዱብ... እያለች ቀስ ብላ ትመታ ጀመር።

እናቴ መስኮቱን ከፈተች። ፊቷ ነጥቷል።

«የአባትሽ ሞተር ምት ነው» አለች በሹክሹክታ። «እሱ ነበር እንዲህ የሚያስተካክላት።»

አጎቴ ሳቁን ዋጠው። ጋዝ መስጫው ከእጁ ጋር ይዞር ጀመር... ቀስ እያለ።

«እጄን ልቀቂኝ!»

«አልነካሁዎትም ጋሼ።»

«ልቀቂኝ ብዬሻለሁ!»

እኔ ከሱ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ።

ድምፁ ጨመረ... ጨመረ... የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ያ ጉረኛ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ገልብጬ ነው! ማታውኑ ትዝ ብሎኝ ነበር! ተነስቼ ልነግረው... መካኒክ አይደለህም እንዳይለኝ ፈራሁ!»

ቀጥ።

ሞተሯ ዝም አለች። እናቴ መስኮቱ ላይ ናት። ሁሉንም ሰምታለች።

አጎቴ ከሞተሯ ላይ ወደቀ እንጂ ወረደ አይባልም። የእጁ ጀርባ ላይ አራት የጣት አሻራ፣ በጥቁር ዘይት...

አላዘንኩለትም። ዛሬም አላዝንለትም። አባቴን የገደለው የአጎቴ ስህተት አልነበረም፣ ኩራቱ ነው።

ዕቃዬን ልሰበስብ ዞርኩ።

ጋዜጣው ላይ የዘይት ቀለበት ብቻ ቀርቷል።

ካርቡሬተሩ ሞተሯ ላይ ተገጥሟል። ጎንበስ ብዬ በአየር ማስገቢያው አየሁ... ቁርጡ ወደ እኔ ዞሯል። በትክክል።

ብሎኖቹ ገና ትኩስ ነበሩ።