የቤት ስሟ

የኮንሶላስዮን ስልክ የጮኸው አስከሬኗን ሊያነሱ ሲጎነበሱ ነው። መርማሪ ማግባኑዋ ከሟቿ ኪስ አውጥታ መልእክቱን አነበበች። «ቡላክ፣ ነገ ጠዋት ክሊኒክ እንጠብቅሻለን።»

በሩ አልተሰበረም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ የዝንጅብል ሻይ አለ፤ አንዱ አልተነካም። በትራስ ያፈናት ሰው በእንግድነት ነው የገባው።

«ቡላክ ማናት?»

የሟች እህት ሮሲንግ አፏን በእጇ ያዘች። «እሷው ናት፣ ማም። የቤት ስሟ ነው። ከእኔ፣ ከባሏ ቤትና ከክሊኒኩ ውጭ ማንም አያውቀውም። ከባሏ ዱላ ሸሽታ ነው እዚህ የተደበቀችው። አድራሻዋን የሰጠችው ለክሊኒኩ ብቻ ነው።»

«ባሏስ?»

«መርከበኛ ነው፤ አሁን ባሕር ላይ ነው። ልጄን አምጡልኝ እያለ ይደውላል። ልጅቷ እኔ ጋ ናት። እንዳያገኙብኝ ብዬ ሲመሽ መብራት እንኳ አላበራም።»

ክሊኒኩ ታካሚ የሚጠራው በቤት ስም ነው፤ ሙሉ ስም በሰው ፊት መጮህ ነውር ነው ተብሎ። መዝገቡን በኮምፒውተር የሚይዝለት ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ ያለ የሦስት ሰው ቢሮ ነው። ማግባኑዋ እዚያ ሄደች።

«ፕሮግራማችንን የምንሞክረው በእውነተኛ ሰዎች መረጃ ቅጂ ነው» አለ ባለቤቱ ሮዴል። «ግን ስሙ ሁሉ ቁጥር ሆኗል። ፒሎ ነው የሠራው። ማንም ማንንም አያገኝም።»

ፒሎ ፈገግ አለ። «ሰው የሚለይበትን ሁሉ አንስቻለሁ፣ ማም። ሴትዮዋንም ቤተሰቧንም አላውቅም።»

«የቤት ስሙ አልተነሳም እኮ!» አለች ሦስተኛዋ ሠራተኛ ግሌንዳ ከጥግ። «አድራሻውም እንዳለ ነው። ስነግረው፣ ‹እህቴ፣ የቤት ስም ደግሞ ስም ነው እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን ቅጂው ውስጥ ‹ቡላክ› ብሎ የፈለገ አለ። ማነው?» አለች ማግባኑዋ የፍለጋውን ዝርዝር እያየች።

«አይታወቅም። ሦስታችንም የምንገባው በአንድ የይለፍ ቃል ነው» አለ ሮዴል።

«እንግዲያው ነገ ለቅሶ ቤት ኑ፤ ሦስታችሁም» አለች መርማሪዋ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። በአገሩ ልማድ ለተገደለ ሰው እንደሚደረገው፣ የገዳዩን ኅሊና እንድትቆረቁር በሬሳ ሣጥኑ መስታወት ላይ ጫጩት ተለቃለች። የተበተነላትን ጥሬ ኳ ኳ እያደረገች ትለቅማለች። ሰዉ ሣጥኑን ላለማየት መሬት መሬት ያያል።

ማግባኑዋ ልጅቷን ከጓዳ አወጣቻት። «ትልልቆቹን ሰላም በያቸው፣ ልጄ።»

ልጅቷ የሮዴልን እጅ ወስዳ ግንባሯ ላይ አስነካች። የግሌንዳንም። ፒሎ ጋ ስትደርስ እጁን አስነካችና አልሄደችም። መዳፏን ዘረጋች። የፒሎ እጅ ኪሱ ገባ። ወዲያው ደንግጦ አወጣው።

«እውነቱ ይሄ ነው» አለች ማግባኑዋ። «የተደበቀች ሴት ለወንድ በር ከፍታ ሻይ የምታፈላው አበልጇ ሲሆን ነው። የቤት ስሟን የሰማውም ቤቷ የገባ ሰው ነው። የቤት ስም ከቅጂው እንዳልጠፋ ግሌንዳ ነግራሃለች፤ አንተ ግን ሁሉን አንስቻለሁ አልከኝ። የልጅቷ ክርስትና ማኒላ ስለነበር ሮሲንግ አታውቅህም። ልጅቷም ‹ኒኖንግ›፣ የክርስትና አባቴ፣ እንጂ ስምህን አታውቅም። ልጅ የሁሉንም እጅ ትወስዳለች፤ መዳፏን ዘርግታ ስጦታ የምትጠብቀው ግን ከክርስትና አባቷ ብቻ ነው። አላውቃቸውም ያልከው ሰውዬ፣ እጅህ ኪስህ ውስጥ ምን ሊያወጣ ገባ?»

ፒሎ ዓይኑን ከጫጩቷ ሳይነቅል ተናገረ። «ባሏ ነው፣ አበልጄ፣ የለመነኝ… ልጅቷን ልወስድ ብቻ ነበር የሄድኩት። የለችም አለችኝ። ከዚያ ጮኸች።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሰዉ ሊነሳ ሲል ሮሲንግ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጅቷም ቅጂው ውስጥ አለች?»

ሮዴል ጉሮሮውን ጠረገ። «ክትባት ከወሰደች… ትኖራለች።»

«የእኔም ቤት? ባሏ የሚልከው አንድ አበልጅ ብቻ ነው ያለው?»

ሮሲንግ በሩን ዘጋችው።

«ቅጂው ሳይጠፋ ከዚህ የሚወጣ የለም። ሬሳውም አይወጣም!»

«ቢሮ ሄደን በደንብ…» አለ ሮዴል።

«እዚሁ!»

«ለፍርድ ቤት የሚሆነው ማስረጃ በእጄ ነው» አለች ማግባኑዋ። «አጥፊው፣ ግሌንዳ።»

ግሌንዳ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። መጀመሪያ ልጅቷን ከቅጂው አጠፋች፤ ከዚያ ቀና አለች። «እሷንስ?»

ሮሲንግ የሣጥኑን መስታወት አየች። «ወዲህ በይው። እሷን የማጠፋት እኔ ነኝ።»

ጣቷን የማጥፊያው ቁልፍ ላይ አደረገች። «ቡላክ» ብላ ተጣራች፤ ትንሽ ጠበቀችና ተጫነችው።