ፀሐይ ላይ የተሰጣ የባትሪ ድንጋይ

መምህር ሙሉብርሃን አልጋው ላይ ተንጋሎ ሞቷል። ግንባሩ ላይ ሁለት ስፖንጆች በላስቲክ ታስረዋል፤ ሽቦአቸው ራስጌው ካለች ትንሽ ሣጥን ይገባል። የከተማው ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ገብረወልድ ኮፍያውን አውልቆ በሆዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ገላው ገና አልቀዘቀዘም። ስፖንጆቹን ነካ፤ ደረቅ ናቸው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ንዋይ፣ ኮፍያውን እስከ ዐይኑ ደፍቶ በር ላይ ቆሟል።

«የገደለችው ያቺ ሐኪም ናት» አለ። «ስገባ የሣጥኗ ቀይ መብራት እየበራ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

ሐኪሟ ዶክተር የሺዓለም ሳሎን ውስጥ በጥበቃ ተይዛለች።

«መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል» አለች። «የነርቭን ልባስ ይበላል። መጀመሪያ እግሩን ያዘው፤ ኋላ ማስታወሱን ነሣው። መድኃኒት አጣሁለት። ደካማ ኤሌክትሪክ አንጎሉን ቢያነቃቃው ብዬ፣ ስፖንጁን በጨው ውኃ እያራስኩ ሶቭየት ኅብረት ሳለሁ ያየሁትን ሞከርኩ።»

«ሊገድል ይችላል?»

«በአራት የባትሪ ድንጋይ? ቆዳ ይቆነጥጥ እንደሆን እንጂ። ግን ማን ያምነኛል? ወንድሙ ሊቀመንበር ነው፤ ያስረሽነኛል።»

የሟቹ ባለቤት አሳየች ጓሮ፣ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው ሬሳ የጠበቃት።

«ስሜን ረስቶ የነበረ ሰው ሰሞኑን ይጠራኝ ጀመር» አለች። «ትናንት ወንድሙም ባለበት፣ "ልጃችንን የወሰዱት ለት ኮፍያውን ደፍቶ መኪናው አጠገብ የቆመው ማን ነበር? ስሙ አፌ ላይ ነው" አለኝ።»

መቶ አለቃው ጎንበስ አለ። አጠገቧ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ አራት የባትሪ ድንጋዮች ተደርድረዋል። አንዱን ነካ፤ ያቃጥላል።

«የራዲዮ ናቸው?»

«ራዲዮ የለንም። ጠዋት ስወጣ ያሰጣኋቸው ናቸው።»

ሦስቱንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መብራቱን አይተዋል?»

«ስንቴ ልበል? ጆሮዎ ተደፈነ እንዴ?»

«ጆሮዬ ደኅና ነው፤ የምኖረው በሱ ነው።» ሣጥኗን ከፍቶ ዘቀዘቃት። ባዶ ናት። «ታዲያ በምን በራ? ድንጋዮቹ ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ ተሰጥተዋል።»

መቶ አለቃው ደረቁን ስፖንጅ በጣቱ ነካ አደረገ።

«ባለቤቱም ሐኪሟም ስፖንጁ በጨው ውኃ ካልራሰ፣ ድንጋዩ ካልገባ እንደማይሠራ ያውቃሉ። ባዶውንና ደረቁን ያሰረበት ግን አሠራሩን ከሩቅ ያየ ሰው ነው።» ከአልጋው ሥር የተወሸቀ ትራስ አወጣ፤ መሐሉ ላይ ምራቅና ደም አለ። «የታፈነው በዚህ ነው። እዚህ አገር ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ የማያሰጣ ቤት የለም። የማያሰጣው ከኅብረት ሱቅ ሁልጊዜ አዲስ የሚወጣለት ሰው ነው። ትናንት አንድ ስም ወንድምዎ ምላስ ላይ ሲደርስ እርስዎ እዚህ ነበሩ። ስሙ የማን እንደሆነም አውቀዋል።»

አሳየች ቀና ብላ የንዋይን ኮፍያ አየች። አፍጥጣ አየችው።

«ያ ልጅ እንደሚሞት አልነገሩኝም» አለ ንዋይ። ወዲያው ድምፁን አጠነከረ፤ «ለመሆኑ እኔን ማን ያስረኛል? ነገ ይፈቱኛል፤ አንተ ትገባለህ።»

«ይሆናል» አለ ገብረወልድ። «ለዛሬው ግን እጅዎን ያምጡ።»

ካቴናው ሲቆለፍ አሳየች ወደ መቶ አለቃው ዞረች።

«ባያስታውስ ኖሮ ይኖር ነበር?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓሮ ወጥታ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ገና ትኩስ ናቸው።

«እንዲያስታውስ ብዬ፣ የማሞቅለት እኔው ነበርኩ» አለች።