ግራ እጅ ያወጡ ልጆች

ርዕሰ መምህርቷ ከማለዳ ጀምሮ እግሯ አላርፍ ብሏታል። ከቢሮዋ ትወጣለች፣ ደረጃውን ትወርዳለች፣ የተጠረገውን ግቢ ደግማ ታስጠርጋለች። ከቀኝ እጇ የማይለየው የቁልፍ ዘለላ ስለሚንቃጨል መምህራኑ በሌለችበት «ቃጭል» ይሏታል። ያን ቀን ቃጭሉ ለአፍታም ዝም አላለም።

መንግሥት የመምህራንንና የርዕሳነ መምህራንን ብቃት ለማሻሻል ድጋፍ መድቧል። የተመረጠ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ አሠልጣኞች ይመደቡለታል። እሷም ቅጹን ሞልታ ልካ ነበር፤ «ያሉባችሁ ችግሮች» በሚለው ቦታ ላይ ግን «የሉም» ብላ ጽፋለች። ዛሬ ከመንግሥት የተላከች ገምጋሚ የስድስተኛ ክፍልን ሒሳብ ልታይ ትመጣለች።

ሒሳብ የሚያስተምሩት አንጋፋው መምህር፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው፣ ኮሪደር ላይ ጠበቋት።

«እቱ፣ ለገምጋሚዋ እውነቱን ብንነግራት ምን አለበት?»

«የምኑን እውነት?»

«ክፍልፋይ ስናካፍል ሁለተኛው ለምን እንደሚገለበጥ እኔም አልገባኝም። ገልብጥ አሉኝ፣ ገለበጥኩ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ሳስገለብጥ ኖርኩ።»

«በሞቴ ጋሼ፣ ዛሬ እንዳያዋርዱኝ! ልጆቹን እጅ አወጣጥ ያስለመድናቸው ለዚሁ አይደል?»

ዘዴው የራሷ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ያወጣሉ፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ይጠራል። እንግዳም ረክቶ ይሄዳል።

እስካሁን እሷ ቢሮዋ ሆና ነበር ውጤቱን የምትጠብቀው። ገምጋሚዋ ግን «አብረን እንግባ እንጂ» አለቻት። ከኋላ ቆሙ። «ፈጣሪዬ፣ አታሳፍረኝ» አለች ርዕሰ መምህርቷ በሆዷ።

«ሦስት አራተኛ ለአንድ ሁለተኛ ሲካፈል ስንት ይመጣል?» አሉ ጋሼ።

አርባ ሦስት እጅ ተመዞ ወጣ። ርዕሰ መምህርቷ ቀኞቹን በዓይኗ ፈለገች። አምስት ናቸው። የቀረው ሁሉ ግራ። ከፊቷ ያለችው ልጅማ ክርኗን በሌላው እጇ ደግፋ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ ግራዋን ትዘረጋለች፤ አለማወቋን እንዲህ በትጋት ስትደብቅ ለተመለከታት አንጀት ትበላለች።

ከአምስቱ አንዱ ተጠርቶ መለሰ። ገምጋሚዋ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«ደስ ይላል! እንዲህ ያለ ክፍል ብዙ አላየሁም። ድጋፉ እንግዲህ ለሚቸገሩት ይሁን። ለእናንተ የምስጋና ወረቀት እናዘጋጃለን።»

ቁልፉ ዝም አለ። «እናመሰግናለን» ብሎ መሸኘት ቀላል ነበር። ግን ጋሼ ጠመኔያቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። አታሳፍረኝ ብላ የለመነችው ለራሷ ክብር እንጂ ለነዚህ ልጆች እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባት።

«ይቆዩኝ» አለች። «ልጆች፣ እጃችሁን እንደ ቅድሙ አውጡ። አሁን ግራ ያወጣችሁ አውርዱ።»

ይሄ በልምምዱ አልነበረምና ልጆቹ ጋሼን አዩ። ጋሼ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጆቹ ረገፉ። አምስት ቀሩ። ከአምስቱም አንዱ ጥቂት አመንትቶ ወረደ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ገምጋሚዋ።

ርዕሰ መምህርቷ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ንግግሯን ሳትጨርስ ጋሼ ግራ እጃቸውን ከነጠመኔው አወጡ። ልጆቹ ሳቁ። እሷም ግራዋን አወጣች።

«ክፍል ገብቼ ካየሁ አራት ዓመቴ ነው» አለች። «መምህር እንዴት እንደሚታገዝም አላውቅም።»

ገምጋሚዋ ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። «እንደምትመረጡ ቃል አልገባም። ግን 'የሉም' የሚለውን ሰርዘው የነገሩኝን ይጻፉልኝ።» ከዚያ አንድ ወረቀት ለአራት አጥፋ አንዱን ሩብ ቀደደችና ሦስቱን ለጋሼ አቀበለቻቸው። «እዚህ ውስጥ የሙሉው ወረቀት ግማሽ ስንት ጊዜ አለ?»

ጋሼ አገላብጠው አዩት። «አንድ ግማሽ... እና የግማሽ ግማሽ። አንድ ተኩል! ማካፈል ማለት ይሄ ነው እንዴ?»

ወገኖቼ፣ ድጋፍ የሚደርሰው ጎደሎውን ወደገለጠ ሰው ነው። የደበቅነውን ማንም አይሞላልንም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

ርዕሰ መምህርቷ መጻፍ ስትጀምር ከፊቷ ያለችው ልጅ ግራ እጇን፣ አሁን ቀስ አድርጋ፣ አወጣች። ጋሼም ዞር ብለው «እሺ የኔ ልጅ፣ አንቺ» አሏት። በዚያ ክፍል እንግዳ ባለበት ግራ እጅ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

«አልገባኝም» አለች። «ይደገምልኝ።»