ከአመልካቿ ጋር ያለዎት ዝምድና

ከዳኜ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። ራቤል አጠገብ ከአንድ ገበሬ ማሳ መሐል ተንበርክኬ የገብስ ዛላ በማስመሪያ ስለካ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ! የሰው ገብስ ላይ ምን ያንከባልልሻል?»

«ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው» አልኩ ቀና ሳልል።

«ገብሱንስ አስፈቅደሻል?»

ቀና አልኩ። ጫማው ጭቃ በጭቃ የሆነ ረጅም ልጅ ሳቁን ለመያዝ እየታገለ ቆሟል። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ነበር። እኔ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ውርጭ የሚችል የገብስ ዘር ፍለጋ ከመሐል ሜዳ እስከ ጊሼ የማልረግጠው ማሳ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ብቻዬን ሄጄ አላውቅም። ገበሬዎቹ እኔን ገና ሲጠረጥሩኝ እሱ ቀድሞ ገብቶ «ልጃችሁ ናት፣ አሳዩዋት» ይላቸዋል፤ ጎተራው ይከፈታል።

አንድ ቀን ዘመሮ ላይ ዝናብ ያዘንና ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለልን። ለረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም አየሁት። እንዲያ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም ነበር።

«ኮከብ» አለኝ በመጨረሻ፤ «ለዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ። አባትሽ ያባርሯቸው ይሆን?»

«አንዴማ ይመልሷቸዋል፤ ወጉ ነው። በሁለተኛው ግን በሩን የምከፍተው እኔው ነኝ።»

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

በዚያው ሰሞን አማካሪዬ ዶክተር ይመኙሻል ቢሮ ጠሩኝ። ለውጭ አገር የዶክትሬት ስኮላርሺፕ እንዳመለክት ቆርጠው ተነሥተዋል፤ የመጨረሻው ቀን ሊደርስ ገና ሦስት ወር ሲቀረው ጀምረው አላስቀምጥ አሉኝ። ማመልከቻዬን አራት ጊዜ አስጻፉኝ። በአራተኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኸ ‹በእግዚአብሔር ፈቃድና በገበሬዎቹ ትብብር ተሠራ› የሚለው ምንድን ነው? እግዜርም ገበሬዎቹም አላመለከቱም። አንቺ ምን ሠራሽ?»

«ራሴን ማመስገን ያሳፍረኛል፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው የሚያመሰግንሽ ሰው እንፈልግ። የእኔ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ሥራሽን ማሳው ላይ በዓይኑ ያየ ሰው አለ?»

«አለ። የግብርና ባለሙያ ነው» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ሽማግሌ ሳይገባ እጮኛ አለኝ አይባል ነገር!

እሳቸውም ሌላ አልጠየቁኝም። ስልኩን ተቀብለው የድጋፍ ደብዳቤውን ቅጽ በቀጥታ ለእሱ ላኩለት። ደብዳቤው ምስጢር ስለሆነ ቅጹንም ቢሆን እኔ አላየሁትም።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። እናቴ ጠላውን ጠምቀው፣ ቤቱን ጎዝጉዘው፣ አባቴም ምንም ያልሰሙ መስለው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ተቀመጡ። መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ስትጠልቅ አባቴ ተነሥተው ጋቢያቸውን አጠፉና «በሉ ከብቶቹን አስገቡ» አሉ። ምነው በተቆጡ!

በማግስቱ ዳኜ ደወለ። አላነሣሁም። «ኮከቤ፣ ጥቂት ጊዜ ታገሺኝ፤ ሁሉንም እነግርሻለሁ» የሚል መልእክት ላከ። ታገሺኝ! አባቴን ደጅ አስጥቶ ታገሺኝ ይለኛል! እኔ እንደሆንኩ ኩራት እራቷ የሆነች ልጅ ነኝ፤ ቁጥሩን ዘጋሁት። ሁለት ጊዜ እቤታችን ድረስ መጣ፤ አንዴ በዚያው ሰሞን፣ አንዴ የስኮላርሺፑ ውጤት እንደመጣ፤ ሁለት ጊዜም «የለችም» አስባልኩት።

ስኮላርሺፑን ክረምቱ ሲወጣ አገኘሁ። የምሄድ ዕለት መሐል ሜዳ መናኸሪያ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ አየሁት። አዲስ ባና አጥፎ በክንዱ ይዟል። የምሄድበት አገር ብርዱ ክፉ ነው ሲባል ሰምቶ፣ የአገሩን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሊያስይዘኝ ነው። መስኮቱን አንኳኳ። ፊቴን አዞርኩ። ደግሞ አንኳኳ። አውቶቡሱ ሲነሣ ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ ባናውን እንደያዘ እዚያው ቆሟል።

በሦስተኛው ዓመት እናቴ በስልክ «ያ ልጅ አገባ አሉ» አሉኝ። «ይቅናው» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ሁለት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በአምስተኛው ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ፤ በዚያው በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲም መምህር ሆንኩ።

ዶክተር ይመኙሻል ጡረታ ሲወጡ ቢሮአቸውን ለእኔ አስረከቡ። ያን ቀን ከመሳቢያው ሥር አንድ ወረቀት አወጡ።

«ያ የግብርና ባለሙያ የጻፈልሽ ነው። ‹እንግሊዝኛዬ ለዚህ አይበቃም› ብሎ በእጁ በአማርኛ ጻፈው፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ከእኔ ይልቅ የእሱን ነው የወደደው።»

አነበብኩት። በውርጭ ጧት ከገበሬው ቀድሜ ማሳ እንደምደርስ ጽፏል። ለሰው የማያሳዩትን ዘራቸውን አንዲት እናት ከማድጋ አውጥተው ለእኔ እንደሰጡኝ ጽፏል። ልናገረው ያፈርኩት ሁሉ እዚያ አለ። ከግርጌው የቅጹ ጥያቄ አለ፤ ከአመልካቿ ጋር ያለዎት ዝምድና። ዘመድ ወይም እጮኛ የጻፈው ተቀባይነት የለውም ይላል። የእሱ መልስ እንዲህ ነበር፦

«እስከ ዛሬ የሥጋም የጋብቻም ዝምድና የለንም። ነገ ወደ አባቷ ቤት ሊሄዱ የነበሩትን ሽማግሌዎች ዛሬ እግራቸው ላይ ወድቄ አስቀርቻቸዋለሁ። ሐሰት ጽፌ ዕድሏን አላበላሽም። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ትምህርቱን ትተወዋለች። ውጤቷ እንደመጣ እልካቸዋለሁ።»

ቀኑን አየሁ። የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ።

«የመጨረሻውን አልተረጎምኩትም» አሉ ዶክተር። «ምስጢር ነው ብዬ ያዝኩት። ውጤቱ ሲመጣ ትጋባላችሁ ብዬ ነበር። አንቺም ምንም ሳትይ ሄድሽ።»

«አልጠየቁኝማ፣ ዶክተር።»

«አልጠየቅኩሽም» አሉ።

ተያይዘን አለቀስን። እሳቸው ስላልጠየቁኝ፣ እኔ ደግሞ ስላልታገሥኩት። ዳኜ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ ከነሚስቱ አገኘሁት፤ «ገብሱ እንዴት ነው?» አለኝ፤ «ደህና ነው» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ባለፈው ሳምንት ጽናት የምትባል ተማሪዬ ማመልከቻዋን ይዛ መጣች። እንደ እኔው አራተኛ ጊዜዋ ነው።

«ሥራሽን በዓይኑ ያየ፣ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰው አለ?» አልኳት።

«አለ። የመስኖ ባለሙያ ነው» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ምንሽ ነው?»

የማመልከቻዋን ጠርዝ አጠፍ ዘርጋ ታደርግ ጀመር።

«ጽናት፣ ምንሽ ነው?»

«ለጥቅምት… ሽማግሌ እልካለሁ ብሏል።»

‹የመስኖ ባለሙያ› ብዬ መጻፍ የጀመርኩበትን ወረቀት ቀደድኩት።

«እሱ ሽማግሌውን ይላክ» አልኳት። «ደብዳቤውን የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው እኔ እፈልግልሻለሁ።»