ሐሙስ ላይ የቀረችው ክኒን

ወሬ ማጣፈጥ እወዳለሁ፣ አልክድም። ይቺ ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጨለማ አሳስቶህ ነው የሚለኝ እንዳይኖር!

ፋርማሲስት ነኝ። ሰው ዶክተር ሲለኝ አላርምም። የሰፈሩ ግማሽ ልብ የሚመታው በኔ ክኒን ነው... ሌላው ግማሽ ገና ስላልታመመ ነው።

ሰኞ ዕለት እትዬ የምላቸው የሰፈሬ ሴትዮ መድኃኒት ቤቴ መጡ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። የልብ ክኒናቸው ቶሎ ቶሎ ያልቅባቸዋል።

የታዘዘላቸው በቀን አንድ ነው። ሁለት ከሆነ ልብ ይዘገያል... ይዘገያል... ይቆማል።

«እየረሱ ደግመው እየዋጡ ነው» አልኳቸው።

«እኔ? ከሠላሳ ዓመት በፊት የሰፋሁለትን ደንበኛ የወገብ ልክ ዛሬም የምነግርህ ሴትዮ?»

ሰባት ክፍል ያላት የክኒን ሳጥን አወጣሁ። ከሰኞ እስከ እሑድ፣ በየክፍሉ አንዳንድ፣ በገዛ እጄ ሞላሁ።

«በየቀኑ የዕለቱን ብቻ። እስቲ ይድገሙልኝ።»

አንድም ሳይሳሳቱ ደገሙልኝ። እኔ ያስረዳሁት ሰው ተሳስቶ አያውቅም!

ሐሙስ ስልኬ ጮኸ።

«ዶክተር...» በሹክሹክታ ነው። «ሳጥኗ ልታልቅ ነው።»

«ምን ቀረ?»

«የዛሬዋ ብቻ።»

ጋዋኔን ሳላወልቅ ሮጥኩ። እንደኔ የሚሮጥ ቦርጫም አላያችሁም።

ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷ ፍርግርግ አለው። በሩን ከፍተው አስገቡኝና መልሰው ቆለፉት።

ሳጥኗን አየሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ... ባዶ። ደህና።

እሑድ... ባዶ። ቅዳሜ... ባዶ። ዓርብ... ባዶ።

አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ እየዋጠ የመጣ ይመስላል... ሐሙስ ላይ ሊገናኙ።

«እትዬ፣ ማን አለ እዚህ?»

«ብቻዬን ነኝ ልጄ። ድመት እንኳ የለኝም... ድምፅህን ቀንስ።»

የተቆለፈውን በር ዞሬ አየሁት። ሙያ ግን ሙያ ነው። ደርበው እየዋጡ ከሆነ የልብ ምታቸው ያጋልጣቸዋል። ከስድሳ በታች ከወረደ የሐሙሷን አይነኳትም፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በቀኝ እጄ የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። ዓይኔን ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ ተከልኩ። ግራ እጄ በሌላው ጎኔ፣ የሶፋው ባዶ ቦታ ላይ ተዘርግታለች።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ቀዝቃዛ ነገር ግራ መዳፌ ላይ ዐረፈ።

አንጓ ነው። የሰው እጅ አንጓ። ተራው እንደደረሰ በሽተኛ... ዝም ብሎ ተሰጠኝ።

እኔ ጀግናው ዞሬ ማየት አቃተኝ። ጣቶቼ ግን ልማዳቸው ነውና ቆጠሩ። በቀኝም፣ በግራም። ሁለት ልብ ባንዴ የቆጠረ ባለሙያ ካለ እኔ ነኝ... ምነው ባልሆንኩ!

ደቂቃዋ ሞላች።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ እትዬ።

«ሰባ ሁለት። እርስዎ... ደህና ነዎት።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ዓይናቸው ግን እኔን አልፎ ግራዬን ያያል።

«የእሱስ?»

በግራ የቆጠርኩት ሠላሳ አንድ ነበር። ግራ እጄን ልስብ ሞከርኩ።

መዳፌ ላይ ያለው እጅ... ቀስ ብሎ ተገለበጠና ጣቶቼን ጨበጠ።